ባትላሜራው አቶ ሀብቴ ወልደሰንበትና ባለ ሸራዋ ሼቭሮሌት

እዚህ የተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የአቶ ሀብቴ ወልደሰንበትን ዜና ሕይወት የማነብላችሁ እኔ የባለቤታቸው ወንድም ውድነህ ነኝ። ከጽሑፉ መካከል ያለውን እንድዘለው ትናንት የመከሩኝ ሰዎች ነበሩ፤ ምክንያታቸውም ማን ቆሞ እንደሚያዳምጥ አይታወቅም የሚል ነው። ሟቹ ግን በአልጋቸው ላይ ሳሉ አንድም ቃል እንዳልቀንስ ስላስማሉኝ፣ እንዳለ አነበዋለሁ።

አቶ ሀብቴ ከአባታቸው ከአቶ ወልደሰንበት ይመኑና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለምዘውድ ካሣ በ1929 ዓ.ም. በባቲ ከተማ ተወለዱ። ፊደል በቄስ ትምህርት ቤት ቆጥረው፣ ዘመናዊ ትምህርትም እስከ ስድስተኛ ክፍል ከተከታተሉ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. በጭነት መኪና ረዳትነት አሰብ ገቡ፤ ሙቀቱ ጓደኞቻቸውን ሲመልስ እርሳቸው በዚያው ቀሩ። ከአንድ ጣሊያናዊ ባለ ጋራዥ ዘንድ ተቀጥረው የባትላሜራ ሙያ፣ ማለትም የተጨረመተ የመኪና አካል ማቃናትንና የዛገውን ቆርጦ በአዲስ ላሜራ መተካትን ተማሩ፤ የባሕሩ ጨው ብረት በሚበላበት በዚህ ከተማም ሥራ አጥተው አያውቁም። በ1955 ዓ.ም. ከእህቴ ከወይዘሮ ጥላነሽ ጋር ጋብቻ መሥርተው ቸሩንና ፀዳለን ወለዱ።

ጭምት ሰው ነበሩ። ከዘመድ ውጭ አምነው ቤታቸው የሚያስገቡት የወደቡን ጸሐፊ አቶ ዓብደላ ሐንፈሬን ብቻ ነበር።

በ1970 ዓ.ም.፣ አንድ የዓደን ተወላጅ የመርከብ ወኪል ከአገር ሲወጡ ጥለዋት የሄዱት፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ሸራ የሆነ የአሜሪካ ሼቭሮሌት፣ ወደቡ ዳር ሦስት ዓመት ስትዝግ ከቆየች በኋላ በቁርጥራጭ ብረትነት ልትወገድ ስትል፣ አቶ ሀብቴ በማመልከቻ ጠይቀው ወሰዷት። ወለሏ ተበልቶ መሬቱ ይታይ ነበር፤ የጭቃ መከላከያዎቿም ጣት ሲነካቸው ይፈረፈሩ ነበር። ሰው መስኮቱን ዘግቶ በሚያወራበት ዘመን ጣሪያ የሌላትን መኪና ለምን እንደሚጠግኑ ጎረቤቱ ሁሉ ይጠያየቅ ጀመር፤ አንዳንዱም በራሔይታ በኩል ወደ ጅቡቲ ሊያመልጡባት ነው ይል ነበር። እርሳቸው ግን፣ “ላሜራን እንዲህ ያጠፈ እጅ እንዴት ያለ እጅ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ” ከማለት በቀር መልስ አልነበራቸውም።

የግራውን በር ግርጌ ቆርጠው ሲከፍቱት በላስቲክ የተጠቀለሉ በዐረብኛ የተጻፉ ደብዳቤዎች አገኙ። ለአቶ ዓብደላ ብቻ አሳዩአቸው፤ አቶ ዓብደላም አንብበው፣ የባለ መኪናው እናት ስለ ሠርግና ስለ ጉልበት ሕመማቸው የጻፏቸው መሆናቸውን ነገሯቸው። ለምን እዚያ እንደተደበቁ ግን ሁለቱም አልገባቸውም። አቶ ሀብቴ ማቃጠሉ አሳዝኗቸው፣ ማስረከቡም አስፈርቷቸው፣ ጥቅሉን ከእሳት አርቀው በበሩ ላይኛ ክፍል ካሰሩት በኋላ ግርጌውን በአዲስ ላሜራ በየዱት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች መጥተው፣ ወንበሯን ሳይነኩ፣ ኮፈኗን ሳይከፍቱ፣ በቀጥታ የግራውን በር በመጥረቢያ ቀደዱት።

አቶ ሀብቴ አራት ወር ታሰሩ። ደብዳቤዎቹን ማን እንዳነበበላቸው ሲጠየቁ፣ “ማንም” ከማለት አላለፉም፤ በልባቸው ግን ጠቋሚው ዓብደላ ነው ብለው ቆርጠው ነበር። ደብዳቤዎቹ ተተርጉመው ነገሩ ባዶ ሲሆን ተለቀቁ፤ መኪናዋንም በጨርቅ ሸፍነው አስቀመጧት። ወይዘሮ ጥላነሽ ስለ አቶ ዓብደላ ሲለምኗቸው፣ “ሦስተኛ ሰው አልነበረም” ይሉ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነሷቸው፤ የአቶ ዓብደላ እናት ሲያርፉም ለቅሶ አልደረሱም። ይህችን በተለይ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳነብ አዘውኛል።

በ1981 ዓ.ም. ከእነዚያ ሁለት ሰዎች አንደኛው፣ ሥራውን ከተወ በኋላ፣ የዛገች መኪና ይዞ ወደ ጋራዣቸው መጣ። አቶ ሀብቴ አወቁት፤ መዶሻቸውን አስቀምጠውም፣ “በሩን ማን ነገራችሁ?” አሉት። ሰውየውም፣ “ስለ መኪናዋ ከተማው ሁሉ ያወራ ነበር፤ ስለ በሩ ግን ማንም አልነገረን። ሌላው ገላዋ በሙሉ ዝጎ፣ አዲስ ብየዳ ያረፈበት እሱ ብቻ ነበር። እርስዎ ባለሙያ አይደሉም እንዴ?” አላቸው።

በዚያው ቀን ወደብ በር ላይ ቆመው አቶ ዓብደላን ጠበቁ። “ዓብደላ፣ አሥር ዓመት ሙሉ በሐሰት ጠርጥሬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ” አሏቸው። አቶ ዓብደላ እጃቸውን ሳይዘረጉ፣ “እኔ ደግሞ ወላሂ፣ ስሜን ሰጥተሃቸዋል ብዬ፣ ቤቴ ፊት መኪና በቆመ ቁጥር ልብሴን ለብሼ ስጠብቅ ኖሬያለሁ” አሉ። አቶ ሀብቴም፣ “አልሰጠሁም” አሏቸው። “አሁን አወቅሁ” አሉ አቶ ዓብደላ፤ ያን ጊዜ ተቃቀፉ።

ከዚያ በኋላ አቶ ዓብደላ ከሥራ ሲወጡ እየመጡ ላሜራውን ይዘውላቸው፣ በሩንም ወለሉንም አብረው ጨረሱ። በጥር 1982 ዓ.ም. አቶ ሀብቴ ባለቤታቸውን፣ አቶ ዓብደላንና ባለቤታቸውን ወይዘሮ ራቢዓን አሳፍረው፣ ሸራውን አጥፈው፣ በበይሉል መንገድ ወጡ። ኬላው ላይ ወታደሮች አስቁመው ወንበሮቹን ሲያስነሱ፣ አቶ ሀብቴ ሞተሩን አጥፍተው፣ “ፈልጉ ልጆቼ፤ ያልተከደነ ነው” አሏቸው።

ለብዙ ዓመታት የብየዳ ጭስ የጎዳው ሳንባቸው በመጋቢት ጠናባቸው፤ በሐኪም ሲረዱ ቆይተውም ትናንት ግንቦት 9 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ53 ዓመታቸው ዐርፈዋል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥላነሽ፣ ልጆቻቸው ቸሩና ፀዳለ፣ ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ትሩፋትም በሐዘን ቀርተዋል። ከእነርሱም ጋር፣ በሟቹ ቃል፣ ወንድማቸው ዓብደላ ሐንፈሬ ቀርተዋል፤ አቶ ዓብደላ፣ እዚያ ከኋላ አይቁሙ፣ ከቤተሰቡ ጋር ይሁኑ ተብለዋል።

እግዚአብሔር የአቶ ሀብቴን ነፍስ ሰው ሰውን በማይፈራበት ስፍራ ያሳርፍልን። አሜን።