አበደች የተባለችው ድመት

(ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ፣ ከአስር ሶላት በኋላ። የእህል ሱቁን ሸጦ ቤት የዋለው አዛውንት እብሬ ከነካልሲው ወንበር ላይ ቆሞ ዱላ ይዟል፤ ሚስቱ ጦይባ አልጋው ፊት ቁጭ ብላ መንገድ ዘግታለች፤ ከሱቁ ያመጧት ድመት አልጋ ሥር ገብታለች።)

ጦይባ፦ ዱላውን ካላስቀመጥክ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።

እብሬ፦ አንቺ ሴት፣ ዞር በይ አልኩሽ! አብዳለች!

ጦይባ፦ ወንበር ላይ የወጣኸው አንተ፣ ያበደችው እሷ?

እብሬ፦ ቀልድ አማረሽ ደግሞ። ጋቢዬን ለብሼ ጋደም ባልኩበት፣ ድንገት ዘላ እግሬ ላይ ጉብ! ጸጉሯ ቆሞ፣ ጅራቷ እንደ መጥረጊያ ተነፍቶ፣ ወደ ጎን እየነጠረች። ጤነኛ ሆኖ ወደ ጎን የሚሄድ እንስሳ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ጦይባ፦ ጋቢው ውስጥ ጣትህን አንቀሳቅሰህ ነበር?

እብሬ፦ የገዛ ጣቴን ለማንቀሳቀስ ድመት ላስፈቅድ ነው?

ጦይባ፦ አንቀሳቅሰሃላ።

እብሬ፦ ስሚኝ ጦይባ። ይቺን ድመት ካንቺ በላይ እኔ አውቃታለሁ። ገና ዓይኗን ሳትገልጥ ነው ሱቅ ያመጣኋት። ያን ሁሉ ዘመን ጤፉ ሥር ስትኖር አንድ ቀን ዘላ አታውቅም። አይጧን ትይዛለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። ጨዋ ነበረች እኮ! ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ሲባል እሰማለሁ፤ ይቺ ጭራሽ የሌላትን አመል ከየት አመጣችው? ይኼ ጤና ነው?

ጦይባ፦ ታስራ እንዴት ትዝለል?

እብሬ፦ መንገድ ዳር ነው ሱቁ፣ መኪና እንዳይበላት ብዬ ነው።

ጦይባ፦ ድመት አስራ ጀሀነም የገባችውን ሴትዮ ሸሁ ሲናገሩ እንቅልፍ ወስዶህ ነበር?

እብሬ፦ ያቺ አስራ በረሃብ ገደለቻት! እኔ ወተት ሳይቀር ከቤቴ ተሸክሜ ነው ያሳደግኳት። አሁን ነገር አታርዝሚ፤ ለደርበው ደውዬለታለሁ። ማዳበሪያውን ይዞ እየመጣ ነው።

ጦይባ፦ ደርበው? ዘበኛው? ያ እብድ ውሻ እያሳደደ የሚገድለው? ሱብሃነላህ! እብሬ፣ ምን ልታደርጋት ነው?

እብሬ፦ ሳይቃጠል በቅጠል።

ጦይባ፦ እስቲ ጣትህን አሳየኝ። ና፣ እግርህን ዘርጋው። አየኸው? ካልሲው እንኳን አልተበሳም። ጥፍሯን ሸሽጋ ነው የያዘችህ። ያበደ ይሸሽጋል?

እብሬ፦ የኔን ተይውና ያንቺን እጅ አሳይኝ።

ጦይባ፦ የኔ እጅ ምን ሆነ?

እብሬ፦ እጅጌሽን አታውርጂው! ጠዋት ውዱእ ስታደርጊ አይቼዋለሁ። ክንድሽ ተቧጭሯል።

ጦይባ፦ የቆየ ነው። ደርቋል።

እብሬ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም! ወንድሜም እንዲሁ ነበር ያለው። «ትንሽ ጭረት ናት፣ ደርቃለች» አለኝ ሰይድ። ከዚያ ውሃ ባሳየሁት ቁጥር... እጄ ላይ ነው የሞተው፣ ጦይባ። አንቺም ነበርሽ፣ አይተሻል። አንቺን እንዲያ ሆነሽ ማየት አልችልም። ፈርቻለሁ። ይኸው፣ ፈርቻለሁ አልኩሽ፤ ደስ ይበልሽ።

ጦይባ፦ ምኑ ደስ ይለኛል። ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነብህ። ሰይድን የነከሰው ውሻ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ካልሆነ በቀር፣ ይቺ በምን ዕዳዋ ማዳበሪያ ትገባለች? ዛሬ ጠዋት እንኳን ውሃዋን ጭልጥ አድርጋ ጠጥታለች። ደግሞ አትጨነቅ፣ ጭረቱን በሳሙና አጥቤ የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ሄጃለሁ። መርፌውንም ጨርሻለሁ።

እብሬ፦ ጤና ጣቢያ? ተመላልሰሽ መርፌ ተወግተሽ ለኔ አልነገርሽኝም?

ጦይባ፦ አልነገርኩህም።

እብሬ፦ ለምን?

ጦይባ፦ አፈርኩ።

እብሬ፦ መቧጨር ያሳፍራል?

ጦይባ፦ ተወኝ በአላህ።

እብሬ፦ አልተውሽም። የምትደብቂው ነገር እንዳለ እኔ ካወቅኩ ሰንበትበት ብያለሁ። ከመስጊድ ስመለስ በሩ ተቆልፎ ሳቅሽን ሰማሁ። አንድ ቀን መስሎኝ ነበር፤ በሌላም ቀን ሰማሁ። እንዲያ ስትስቂ ከሙሽርነትሽ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። ልጆቹ እንዳልል፣ ሁሉም አዲስ አበባ ናቸው። ሳላንኳኳ ተመልሼ ከመስጊዱ አጥር ሥር ተቀመጥኩ። ከማን ጋር ነበርሽ?

ጦይባ፦ ታዲያ ለምን አላንኳኳህም?

እብሬ፦ እኔ ስገባ ሳቁ የሚቆም መሰለኝ።

ጦይባ፦ ...እብሬ።

እብሬ፦ ጠየቅኩሽ እኮ። ከማን ጋር?

ጦይባ፦ ከሷ ጋር። ከድመቷ።

እብሬ፦ እኔን አታሞኚኝ!

ጦይባ፦ ወላሂ! የልጅ ልጅ ያየሁ ሴትዮ፣ ወለል ላይ በእምብርክኬ እየዳህኩ ሲባጎ እጎትታለሁ። ጎረቤት ድንገት ቢገባ «ጦይባ ጃጀች» ይለኛል ብዬ በር እቆልፋለሁ። አንተም እንዳታየኝ። በቃ፣ ይኸው ነው ጉዴ።

እብሬ፦ የምን ሲባጎ?

ጦይባ፦ አንገቷ ላይ ያሰርክላትን ነዋ። ቤት ያመጣሃት ቀን ስፈታት አልጣልኩትም። ተፈትታም እኮ ከሲባጎዋ ርዝመት አታልፍም ነበር! የወንበሩን እግር እየዞረች እዚያው ትቆማለች። ምናልባት ብትጫወት ብዬ አንድ ቀን ፊቷ ጎተት አደረግኩት። ምን ያደረገች ይመስልሃል?

እብሬ፦ ዘለለችበት።

ጦይባ፦ ቀስ ብላ መጥታ አንገቷን ሰጠችኝ። እንዳስራት።

እብሬ፦ እንድታስሪያት?

ጦይባ፦ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በማግስቱ ደግሞ ሞከርኩ፣ ደግሞ አንገቷን። እንዲህ እንዲህ እያለች አንድ ቀን በእጇ ነካ አደረገችው። ከዚያ ያዘችው። ጥፍር መሸሸግ አታውቅም ነበርና የኔም ክንድ የዚያን ጊዜ ተጫረ። አሁን ግን አወቀች። አንተ ጣት ላይ የመጣችው ተጫወት ልትልህ ነው እንጂ ልትገድልህ አይደለም።

እብሬ፦ ስልኬ ጠራ። ደርበው ነው። ከታች መንገዱ ጋ ደርሻለሁ ይለኛል።

ጦይባ፦ ተመለስ በለው!

እብሬ፦ አልለውም። በዓይኔ ካላየሁ አላምንም።

ጦይባ፦ ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ! እሺ፣ እያፈርኩም ቢሆን ላሳይህ፤ ይኸው ሲባጎው። ብቻ ፊቴን አትየኝ። ውሮ... ውሮዬ... ነይ እናቴ፣ ነይ ውጪ።

እብሬ፦ አልወጣችም። አየሽ?

ጦይባ፦ ዱላውን እያየች እንዴት ትውጣ? ጣለው።

እብሬ፦ ጣልኩት። አሁንስ?

ጦይባ፦ አሁን ደግሞ አንተን ነው የምታየው። እኔን ረስታኛለች። ወርደህ ሲባጎውን አንተ ያዘው።

እብሬ፦ እኔ አልይዝም።

ጦይባ፦ ደርበው እየመጣ ነው እኮ! ንክሻ ፈራህ?

እብሬ፦ ንክሻ አይደለም።

ጦይባ፦ ታዲያ ምን?

እብሬ፦ አሳሪዋ እኔ ነኝ። በኔ እጅ ስታየው አንገቷን ብትሰጠኝስ?

ጦይባ፦ ከሰጠችህ ዝም ብለህ ታሻሻትና ነገ ደግሞ ትሞክራለህ። እኔስ ምን አደረግኩ? ውረድ በል።

እብሬ፦ ያ ረቢ! ጉልበቴ!

ጦይባ፦ ዝቅ በል። አሁንም ዝቅ። በሆድህ ተኛ።

እብሬ፦ በሆዴ? ሰው ምን ይላል?

ጦይባ፦ እኔ ነኝ ሰው፤ ምንም አልልም። እሺ ቀስ ብለህ ጎትተው።

እብሬ፦ መጣች። ጦይባ፣ እየመጣች ነው። ወየው... አንገቷን ዝቅ አደረገች። ልትሰጠኝ ነው። ውሰጂልኝ፣ ሲባጎውን ውሰጂልኝ!

ጦይባ፦ አልወስድም። ወደ ጎን ሸርተት አድርገው።

እብሬ፦ እጄ እምቢ አለኝ።

ጦይባ፦ እብሬ! ሳበው!

እብሬ፦ ...እህ! ያዘችው! ጦይባ፣ ያዘችብኝ! ልቀቂ አንቺ! ኧረ አልለቅም አለች! ደግሞ እያት፣ ቂጧን ስታወዛውዝ! ልትዘል ነው፣ ልትዘል ነው... ዘለለች!

ጦይባ፦ አንተም እንዲህ ትስቃለህ ለካ።

እብሬ፦ ማን ሳቀ? አቧራው ነው።

ጦይባ፦ ዓይንህም አቧራ ገብቶት ነው? ቆይ፣ በር ተንኳኳ። ደርበው ነው። ልክፈትለት?

እብሬ፦ እንዳትከፍቺ! እብሬ ቤት የለም በይው። ድመቷም አብራው ወጥታለች።