ለብሎኩ የተከፋፈለው ማግኒዥየም

ጊፍቲ ከትምህርት ቤት ተመልሳ የልደታ ኮንዶሚኒየምን ደረጃ እየዘለለች ስትወጣ፣ ጎረቤታቸውን አባባ ሀብተሥላሴን መሃል ላይ አገኘቻቸው። የብረቱን መደገፊያ ይዘው ቆመዋል፤ ትከሻቸው ከትንፋሻቸው ጋር ከፍ ዝቅ ይላል።

«አባባ፣ ምነው ቆሙ? ደረጃውን መርቀው ሊከፍቱት ነው እንዴ?»

«አንቺ አፈኛ... ጉንፋን ነው... ያልፋል» አሉ፣ በየቃሉ መሃል እያረፉ።

ጉንፋኑ ግን ሳምንት አልፎታል። ወትሮ ዜና ሲሰሙ ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚከራከሩ ሰው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቅቷቸዋል። ጊፍቲ ክንዳቸውን ያዘች።

«ክሊኒክ እንሂድ፤ ታች ታክሲ አለ።»

«ምን ሊያደርግልኝ? መድኃኒቴን ይዣለሁ» ብለው ከኮታቸው ኪስ ነጭ ብልቃጥ አወጡ። «ማግኒዥየም ነው። ጎረቤታችን ማናለብሽ፣ ልጇ ከውጭ የላከችላትን ለብሎኩ ሰው ሁሉ አከፋፈለች። የሰውነትን መከላከያ ያጠነክራል፤ ቫይረስ ድርሽ አይልም ብላኛለች።»

የዚያ ብሎክ ሰው እንዲህ ነው። አንዱን የረዳ ክኒን ሌላውንም ይረዳል ብሎ እንደ ጠበል ጻዲቅ ይካፈላል። ደግነቱ ባልከፋ፤ ክኒን ግን ዳቦ አይደለም።

«ስንት ይውጣሉ?»

«ጠዋትም ማታም። ሳሉ ሲበረታ እጨምራለሁ።»

«ሆድዎስ እንዴት ነው?»

ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩ። «እሱን እንኳን ተይው።»

«ገባኝ! ለካ የመጸዳጃ ቤትዎ ውሃ እረፍት ያጣው ለዚህ ነው!»

«አንቺ ባለጌ!» ሊስቁ ሲሉ ሳል ቀደማቸው።

ጊፍቲ ቀልዷን ዋጠች። «እትዬ ማናለብሽ አልዋሹም። ቫይረስ የሚዋጉት የሰውነታችን ሕዋሶች ሥራቸውን ለመሥራት ማግኒዥየም ይፈልጋሉ። ያነሰው ሰው መከላከያው ይደክማል። ባዮሎጂ ላይ ተምረነዋል።»

«ታዲያ! አመንሽ!»

«አልጨረስኩም። ወጥ ያለ ጨው አይሆንም፤ አልጣፍጥ ሲል ግን ኪሎ ሙሉ ጨው ይገለብጡበታል? ያላነሰዎትን ቢጨምሩ ተጨማሪ ወታደር አይመጣልዎትም። የያዘን ጉንፋን ይፈውሳል የሚል በቂ ማስረጃም የለም።»

«ብዙ ቢሆንስ ምን ይጎዳል? ሰውነት ያልፈለገውን ያስወጣል።»

«በምን?»

«በሽንት ነዋ!»

«ሽንቱን ማን ያጣራዋል?»

አባባ ብልቃጡን እጃቸው ላይ አገላበጡት። ኩላሊታቸው ደክሟል ተብለው ክትትል ላይ መሆናቸውን ብሎኩ ሁሉ ያውቃል።

«ኩላሊት» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው።

«የደከመ ኩላሊት ትርፉን ማስወጣት ሲያቅተው ደም ውስጥ ይከማቻል። ሲበዛ ጡንቻን ያዝላል፤ ልብንና ትንፋሽንም ያዳክማል። ትንፋሽዎ ያጠረው ከጉንፋኑ ይሁን ከክኒኑ እኔ አላውቅም፤ እርስዎም አያውቁም። የሚያውቀው ሐኪም ነው። አባባ... ፈርቻለሁ» አለች።

ያቺን አፈኛ ልጅ ስትፈራ አይተዋት አያውቁም። ክርክሩ በግማሽ አሳምኗቸው ነበር፤ የቀረውን ይህ ጨረሰው።

«ነይ እሺ፣ ደግፊኝ።»

ከክሊኒኩ ወደ ሆስፒታል ተላኩ። እዚያ ያለችው ሐኪም ጣታቸው ላይ መለኪያ ብታደርግ ኦክስጅናቸው ዝቅ ብሏል። ቫይረሱ ሳንባቸውን ነክቷል፤ ደማቸው ሲመረመር ደግሞ ማግኒዥየሙ ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ። ክኒኑ ቆመ፤ ኦክስጅን ተሰጣቸው። «ትንሽ ቢዘገዩ አስቸጋሪ ነበር» አለች ሐኪሟ። በሳምንቱ ድነው ቤታቸው ገቡ።

ወይዘሮ ማናለብሽ ሊጠይቋቸው መጥተው በር ላይ አለቀሱ። «ጋሼ፣ በገዛ እጄ ልገድልዎት ነበር!»

«ግቢ፣ አንቺ ሞኝ! የሰጠሽኝ በፍቅር ነው፤ ሐኪሜን ሳልጠይቅ የዋጥኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ በዚህ ብሎክ ክኒን አይዞርም! ለታዘዘለት ብቻ። ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው ማግኒዥየም ከፈለገ ባቄላው፣ ጎመኑ፣ የዱባ ፍሬው፣ ጤፉ አለለት። እኔ የምበላውን ሐኪሟ ትነግረኛለች። ጉንፋን የያዘው መስኮቱን ይክፈት፤ ሲያስል አፉን ይሸፍን። ትንፋሽ ያጠረው ደግሞ ክርክሩን ትቶ ቶሎ ይታከም። ሌላው ደግሞ...»

አላቆሙም። ወይዘሮ ማናለብሽ እንባቸውን ጠርገው መሳቅ ጀመሩ።

«እትዬ» አለች ጊፍቲ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ፣ «ሐኪሞቹ ትንፋሻቸውን እንደ ባለሱቅ ምራቂ ጨምረውበት ነው መሰለኝ የመለሱልን።»