ጠይም በጥቁርና ነጭ

ቡታጅራ ላይ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ወዲህ ደንበኛ ሁሉ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ «ትንሽ ፈካ አድርገው»። እናላችሁ፣ አንዲት እናት «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ገቡና የሟች ባለቤታቸውን ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶ «አሳድገህ አትምልኝ» ሲሉኝ፣ ሳልጠየቅ ፊቱን አፈካሁት። ወደ ብርሃን ወስደው አዩትና መለሱልኝ። «ልጄ፣ እኔ ያገባሁት ጠይም ነው። ይሄን ቀዩን ሰውዬ አላውቀውም።» አጥቁሬ ደግሜ አተምኩ። ፕሪንተሬ ጥቁሩን ከሌሎቹ ቀለሞች ጋር እየቀላቀለ ስለሚያትም አሁን ደግሞ ፊቱ ወደ አረንጓዴ ሄደ። «አሁንስ አሳመምከው!» አሉ። ትዕግስቴ አለቀ። «እናቴ፣ ይሄ እኮ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጠይም የሚባል ነገር የለውም» አልኳቸው።

«አለው እንጂ!» አሉና ትንሿን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በጣታቸው አሳዩኝ። «ጥቁሩ ጺሙ ነው። ነጩ ኮፍያው ነው። እሱ መሃል ነው።» ስንት ዓመት ስሠራ ማንም እንዲህ ቁልጭ አድርጎ አስረድቶኝ አያውቅም። ፕሪንተሬን ሌሎቹን ቀለሞች ትቶ በጥቁሩ ብቻ እንዲያትም አደረግኩት። ኮፍያው ነጭ፣ ጺሙ ጥቁር እስኪሆን ድረስ አስተካከልኩና ፊቱን መሃል ላይ ተውኩት። ወረቀቱ ሲወጣ እሳቸው ቀድመውኝ አነሱት። ፊቱን አተኩረው አዩት። ከዚያ ሻሻቸውን አስተካከሉና፣ ማንም ሰላም ሳይላቸው፣ «ወአለይኩም ሰላም» አሉ።