የተቆለፈው ጥልፍ

በነሐሴ አጋማሽ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከራጉኤል ወደ ታች በሚወስደው መንገድ ስሄድ ሰማዩ ዶፉን ለቀቀው። ተሸካሚው፣ ነጋዴው፣ ገበያተኛው ሁሉ ወዳገኘው በረንዳ ሲሮጥ እኔም ሮጥኩና ከአንድ ጥልፍ ቤት ደጃፍ ተጠጋሁ።

«መምህር፣ እርስዎ ነዎት? ይግቡ እንጂ! ምን በር ላይ ያስቆምዎታል?» የሚል ድምፅ ከውስጥ ሰማሁ።

የጠሩኝ ወይዘሮ አዲስዓለም ናቸው። ልጃቸውን ከዓመታት በፊት ታሪክ አስተምሬዋለሁ። ስድሳን የተሻገሩ፣ ከጎጃም መጥተው ከባለቤታቸው ከአቶ ጴጥሮስ ጋር ይህን ሱቅ ያቀኑ ሴት ናቸው። ባልየው ይነድፉ ነበር፣ እሳቸው ይጠልፉ ነበር። አቶ ጴጥሮስ ካረፉ በኋላ ወይዘሮዋ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የጥልፍ ማሽን ገዙና የባላቸውን ንድፎች አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር አስገብተው ሥራውን ቀጠሉ። ንድፎቹ የነበሩበት ወረቀትም ተበጣጥሶ ስለነበር ተጣለ።

ገብቼ ስቀመጥ ማሽኑ ቆሟል። መብራት ጠፍቶ ነው እንዳይባል አምፖሉ በርቷል። ከመደርደሪያው አጠገብ የጎረቤት ሱቅ ባለቤት፣ ክር ነጋዴው አቶ ነስረዲን፣ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ልጃቸው ሂዳያ ደግሞ ላፕቶፕ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ሂዳያ በሶፍትዌር ምህንድስና ተመርቃ ቢሮ የምትሠራ ወጣት ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷን ታግዛለች።

«ሰላም አይደላችሁም እንዴ?» አልኩ።

«ምን ሰላም አለ መምህር! ተዘረፍኩ» አሉ ወይዘሮ አዲስዓለም። «ሌባው ግን በሩን አልሰበረም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥልፉን የሚነድፉበትን ፕሮግራም ከማሽኑ ጋር ነበር የገዙት። በኋላ የፕሮግራሙ ባለቤት የሆነው የውጭ ኩባንያ አሮጌው ከእንግዲህ እንደማይሠራ፣ አዲሱ ደግሞ በየወሩ እየተከፈለበት በኢንተርኔት ብቻ እንደሚሠራ አስታወቀ። ሥራዎን እኛ ዘንድ ያስቀምጡ፣ ላፕቶፕዎ ቢሰረቅ እንኳ አይጠፋብዎትም አላቸው። እሳቸውም አምነው ሁሉንም አስረከቡ። ትናንት ጠዋት ሲከፍቱት ግን «በአገርዎ የምንሰጠውን አገልግሎት አቋርጠናል» የሚል ጽሑፍ ብቻ ጠበቃቸው። የራጉኤል ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ለመስከረም አንድ፣ ለንግሡ ቀን፣ የሚለብሱትን ቀሚስ ለመጥለፍ ወይዘሮዋ ትእዛዝ ተቀብለዋል። ለአዋቂ መዘምራን የሠሩት ጥልፍ በፍላሽ ላይ ቀርቷል፤ ለልጅ ደረት እንዲያንስ ለማድረግ ግን ዋናው ንድፍ ያስፈልጋል። ዋናው ንድፍ ደግሞ ኩባንያው ቤት ነው።

«አቤት አላሉም?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ጽፈናል» አለች ሂዳያ። «የመለሰልን ግን ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው። ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን ይላል።»

አቶ ነስረዲን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወላሂ ድሮም ደመና ላይ አስቀመጥነው ሲሏቸው ደስ አላለኝም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ አለ ያገሬ ሰው! አሁን እኮ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። እዚሁ ማዶ ክራክ የሚሠሩ ሞልተዋል። ቁልፉን ሰብረው ይከፍቱልናል።»

«አባዬ፣ እሱ አይሆንም» አለች ሂዳያ። «የእትዬ ንድፍ እዚህ ላፕቶፕ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ቁልፍ መስበር ያወጣው ይሆናል። ያለው ግን እነሱ ዘንድ ነው። ቢሠራስ? ሰው ደክሞ የሠራውን ሰርቀን፣ ነገ ደግሞ ይዘጋብናል ብለን እየተሳቀቅን ልንኖር ነው? በተሰረቀ ቁልፍ የገባ ሰው የቤቱ ጌታ አይሆንም።»

«እና ምን ላድርግ ነው የምትይው?»

«ነፃ ሶፍትዌር ይጠቀሙ እትዬ። ጥልፍ የሚነደፍበት አለ። እኔ አስገባልዎታለሁ።»

ወይዘሮዋ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉ። ይህ አኳኋናቸው ሙግት እንደጀመሩ የሚያሳይ መሆኑን ከልጃቸው የትምህርት ዘመን ጀምሮ አውቀዋለሁ።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ። «እኔ መርካቶ ያረጀሁ ሴት ነኝ። በነፃ የሚሰጥ ዕቃ አይቼ አላውቅም። በነፃ ነው ካሉሽ ወይ ተበላሽቷል፣ ወይ ተሰርቋል፣ ወይ አንቺ ራስሽ ነሽ የምትሸጪው። ኩባንያው ቢያንስ ባለቤት አለው፣ ስም አለው። ያንቺው የማን ነው? ቢበላሽ ማንን ልክሰስ?»

እኔ ከማንም ወገን አልነበርኩም፤ ጥያቄው ግን ተገቢ መስሎ ታየኝ። ሂዳያም አላቃለለችውም።

«በነፃ አላልኩም፣ ነፃ ነው ያልኩት» አለች። «ሁለቱ ይለያያሉ። በነፃ ማለት ያለ ዋጋ ነው። ነፃ ማለት ግን ጌታ የሌለበት ነው። የፈለገ ይጠቀምበታል፤ አሠራሩን ከፍቶ ያያል፣ ያሻሽላል፣ ለጎረቤቱም ያካፍላል። ማንም መጥቶ ከእንግዲህ ተዘግቷል ሊልዎት አይችልም። ጋሼ ጴጥሮስ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ነበራቸው አይደል?»

«ነበራቸው እንጂ! እየፈቱ ያጸዱታል፣ ምላሱን ያስተካክሉታል። አንዴማ ወፍራም ካባ እንዲሰፋ ብለው ጨርቁን የሚጫነውን እግሩን ራሳቸው በሞረድ ሞርደው ለወጡት።»

«ሲፈቱት ማንን አስፈቀዱ?»

«ማንን ያስፈቅዳሉ? የገዙት ንብረታቸው ነው!»

«ይህንንስ ፕሮግራም አልገዙትም?»

ሂዳያ ላፕቶፑን ወደ እሳቸው አዙራ ውሉን በአማርኛ እየመለሰች አነበበችላቸው። ደንበኛው ፕሮግራሙን የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት እንደሌለው፣ ኩባንያው በማናቸውም ጊዜ፣ በማናቸውም ምክንያት፣ አገልግሎቱን ማቋረጥ እንደሚችል ይናገራል።

«ይህን መቼ ተስማማሁ?»

«እስማማለሁ የምትለዋን የነኩ ዕለት።»

«እሷን ካልነካሁ አይከፍትልኝማ!»

ውል ማለት ሁለት ሰዎች እኩል ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ነገር ነው ብለን እናስተምራለን። እዚህ ግን አንደኛው ወገን ሃምሳ ገጽ ይጽፋል፣ ሌላኛው አንድ ጣት ያስቀምጣል። ትልቁ ኩባንያና መርካቶ ያለች ጥልፍ ጠላፊ በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ ቢባልም፣ መደራደር የቻለው አንዱ ብቻ ነው።

ወይዘሮ አዲስዓለም ግን እጅ አልሰጡም። «እሺ ይሁን። ሰዎቹስ? ደክመው የሠሩትን እንጠብቅ ቢሉ ምን ነውር አለው? እኔም የእጄን ዋጋ እቀበላለሁ። በባዶ ሥሪ ብትይኝ እሺ አልልሽም።»

«እውነት ነው፣ ሊከፈላቸው ይገባል» አለች ሂዳያ። «እኔም በዚሁ ሙያ ነው የምበላው። ጸቤ ከክፍያው አይደለም። ነገር ግን አባዬ ክር ይሸጥልዎታል። ነገ ተነስቶ፣ ከእኔ መግዛት ካቆሙ ወይም እኔ መሸጥ ካቆምኩ በክሬ የሠሩትን ቀሚስ ሁሉ እወስዳለሁ ቢልዎትስ?»

አቶ ነስረዲን ከት ብለው ሳቁ። «እኔንማ በማግስቱ መርካቶ አያስቆሙኝም!»

«እነሱ ግን እንዲህ እያደረጉም ይቆማሉ» አለች ልጃቸው። «ክሩ የእነሱ ነው እንበል። ጥልፉ ግን የእትዬ ነው። እነሱ ሁለቱን ባንድ ቁልፍ ቆለፉት።»

ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። መሄድ እችል ነበር፤ አልሄድኩም።

«እነዚህ ነፃውን የሚሠሩት ሰዎች ግን ምን ፈልገው ነው?» አሉ ወይዘሮዋ ቀስ ብለው። «ሰው ያለ ጥቅም አይደክምም።»

«ጥቅም አላቸው። አንዳንዶቹ በፕሮግራሙ የሚጠቀሙ ድርጅቶች ደመወዝ ይከፍሏቸዋል። አንዳንዱ ለራሱ ሥራ ፈልጎ ይሠራና ለሌላውም ይተወዋል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የአማርኛ ፊደል የሚያበላሽ ስህተት አግኝቼ አስተካክዬ መልሻለሁ። ዛሬ በአማርኛ የሚሠራ ሁሉ ይጠቀምበታል፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። እትዬ፣ አላታልልዎትም፤ ጉድለት አለበት። መልኩ እንደ ኩባንያው አያምርም። ሲበላሽ ስልክ የሚያነሳ የለም። መልመዱም ያደክማል። ነገር ግን የሠሩት እጅዎ ላይ ይቀራል።»

«ንድፌንስ? እሱንም ለሁሉ ልበትን ነው?»

«የለም። መሣሪያው የሁሉ ነው፣ ሥራዎ የራስዎ ነው። መስጠት ከፈለጉ ይሰጣሉ፣ ካልፈለጉ ማንም አያስገድድዎትም።»

ወይዘሮ አዲስዓለም ተነሥተው ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ያረጀ ካባ አወረዱ። ወርቃማው ክር ደብዝዟል፤ የመስቀሉ ሐረግ ግን ገና ይነበባል። በመዳፋቸው እየዳሰሱት ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል ጀመሩ።

«ይህን ሐረግ ጴጥሮስ ያገኘው ቢቸና ከአንድ ሽማግሌ ቄስ ነው። እሳቸውም ከመምህራቸው ነው የቀዱት። ጴጥሮስ ከጎኑ ይቺን ቅጠል ጨመረ። እኔ ደግሞ ቅጠሏን አሳነስኩ። አትቅዳ ያለው የለም።» ካባውን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። «ብለውት ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ ምን እሠራ ነበር?»

ካባውን እንደያዙ ወደ ሂዳያ ዞሩ።

«እንግዲህ ያ ፕሮግራምሽ እንደ ጥልፍ ነው የሚተላለፈው በይኛ?»

«አዎ እትዬ። እንደ ጥልፍ ነው።»

«ታዲያ ከመጀመሪያው እንዲህ ብለሽ አትነግሪኝም? ሶፍትዌር፣ ሶፍትዌር ትይኛለሽ!» አሉና ካባውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። «በይ ነይ፣ ከዚህ እንጀምር።»

የሆነው ሁሉ ቀላል ነበር ብዬ ብጽፍ አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። ሂዳያ ካባውን ፎቶ አንሥታ በአዲሱ ፕሮግራም ላይ ሐረጉን መስመር በመስመር ተከተለችው። የመጀመሪያው ሙከራ ጨርቁን ጨማደደው፤ በሁለተኛው ክሩ እየደጋገመ ተበጠሰ። ወይዘሮዋ የሕፃናቱ ጨርቅ ስስ መሆኑን አስታውሰው ስፌቱ እንዲሳሳ፣ ከሥሩም ሌላ ጨርቅ እንዲነጠፍ አዘዙ። እሷ በኮምፒውተሩ፣ እሳቸው በመርፌው እየተራረሙ፣ አቶ ነስረዲንም ክር እያቀበሉ፣ ቀሚሶቹ ለንግሡ ደረሱ። የጥቂቶቹን ጠርዝ በእጅ ጨረሱት።

ያልተመለሰም አለ። አቶ ጴጥሮስ ነድፈዋቸው ናሙናቸው ለደንበኛ የተሸጠባቸው ጥልፎች ጠፍተው ቀሩ። ወይዘሮ አዲስዓለም ስለ እነሱ ሲያወሩ ድምፃቸው ይቀንሳል። «የሱን እጅ ነው ለማላውቀው ሰው ያስረከብኩት» ይላሉ።

በጥር ወር በዚያው ሳልፍ ጎራ አልኩ። ለውጡ በዓይን ይታያል። ወይዘሮዋ ሦስት ሴቶችን ጥልፍ ያስተምራሉ፤ እያንዳንዳቸው ፕሮግራሙን ማንንም ሳይለምኑ ቤታቸው ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጭነዋል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራ አይቆምም። ንድፉ በሱቁ ኮምፒውተር፣ በፍላሽና በሂዳያ ቤት በሦስት ቦታ ይቀመጣል። በየወሩ ለኩባንያው ይሄድ የነበረው ገንዘብ ሲተርፍ ከፊሉን የፕሮግራሙን ሠሪዎች ለመደገፍ ይልካሉ። ይህን ያደረጉት «በባዶ አልሠራም ያልኩ ሴት ሌላውን በባዶ አላሠራም» ብለው በራሳቸው ፈቃድ ነው። በመንገዱ ያሉት ሌሎች ጥልፍ ቤቶችም አንድ ላይ ሆነው፣ አዲስ ማሽን ከመግዛታቸው በፊት ውሉን ሂዳያ እንድታነብላቸው ተስማምተዋል። ለየብቻ አንድ ጣት የነበሩት አሁን ቢያንስ አንድ እጅ ሆነዋል።

ስደርስ ሂዳያ ከኩባንያው የመጣ መልእክት እያነበበችላቸው ነበር። አገልግሎቱ በአገራችን እንደገና መጀመሩን፣ ለተመለሱ ደንበኞችም የመጀመሪያው ዓመት ያለ ክፍያ መሆኑን ይገልጻል።

«ወደ እነሱ ይመለሱ ይሆን?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ወይዘሮ አዲስዓለም መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ቂም የለኝም መምህር። ጥሩ ዕቃ ከሆነ ገዝቼ እጠቀማለሁ። ሂዳያ፣ እንዲህ ብለሽ ጻፊላቸው፦ መግቢያውን አሳያችሁኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መውጫው ግን የት ነው? ልሂድ ስል ሥራዬን ይዤ እሄዳለሁ ወይ? ይህን በጽሑፍ መልሱልኝና ስለ ዋጋው ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

ሂዳያ ጽፋ ላከችው። ወይዘሮዋ መልሱን ቁጭ ብለው አልጠበቁም፤ ለዚያ ቀን የሚደርስ የሙሽራ ቀሚስ ነበራቸው።