ሦስት እፍኝ ጠበል

— ሄሎ? ... ማን ልበል? ... ያምሬ! ያምሮት! እንዴት ዋልሽ የኔ ዓለም? ... እኔማ ደኅና ነኝ፣ ተመስገን። ከተማችን ቡሬም ደኅና ናት፣ ዝናቡ ነው አላስወጣ ያለን። ... ትሰሚኛለሽ? ቆይ፣ ወደ በሩ ልጠጋ።

— አሁን ሰማሁሽ። ... ድምፄ? ምን ሆነ ድምፄ? ጉንፋን ነው። ... ኧረ አላለቀስኩም! ምን አግኝቶኝ?

— (ዘይቱ፣ አትጎንትዪኝ! እነግራታለሁ አልኩሽ እኮ።) ... ዘይቱና ናት፣ ሱቋን ዘግታ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች። ሰላም ብላሻለች።

— የሕፃን ማሞቂያሽ? ... አለ። ቁጭ ብሏል። ... እንዴታ! መብራት በሚጠፋበት ቤት ይሞከር ብለሽ እንዳዘዝሽኝ በየሰዓቱ የሙቀቱን ቁጥር ደብተሩ ላይ ስጽፍ ሰነበትኩ። ትናንት መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ዋለ፣ ያንቺ ሣጥን ግን በባትሪው ከሠላሳ ስድስት ዲግሪ ፈቀቅ አላለም። የአንድ ለአምስቱን ሴቶች ሁሉ ጠርቼ አሳየኋቸው። "ልጅሽ ዶክተር ልትሆን ነው?" ይሉኛል። "አይደለም፣ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ነው ማስተርሷ፣ ሐኪሞቹ የሚሠሩበትን ዕቃ የምትሠራ ናት" አልኳቸው። ልክ ነኝ አይደል? ... እሰይ።

— የዛሬው ቁጥር? ... የዛሬውን አልጻፍኩም። ... የለማ። ጠፋ። ... ደብተሩ አይደለም ልጄ፣ ሣጥኑ ላይ የሚበራው ቁጥር።

— ያምሬ፣ ተቀምጠሻል? ... ተቀመጪማ።

— ክንዱ ሾፌሩ ነገ ጠዋት ሊወስደው እንደሚመጣ አውቃለሁ። መምህሮችሽ ፊት ይዘሽው የምትቀርቢው የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ እንደሆነም አውቃለሁ። የሁለት ዓመት ልፋትሽ እሱ ላይ እንደሆነም... አውቃለሁ እናቴ። ለዚህ አይደል ከጠዋት ጀምሮ ልደውልልሽ ድፍረት ያጣሁት! ዘይቱና ናት "የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ ንገሪያትና ይውጣልሽ" ያለችኝ።

— ጎረቤታችን ገብረሰንበት ከግሽ ዓባይ ጠበል ይዞልኝ መጣ። ሣጥንሽ ነገ መንገድ ሊወጣ ነው፣ ሳይባረክ አይሂድ ብዬ በሥላሴ ስም ሦስት እፍኝ ረጨሁበት። ... አዎ፣ ጠበል። ... ውስጡን ነዋ! ሕፃኑ የሚተኛበትን። ከላይ ከላዩ ምን ይሠራለታል? ... ቸስ አለ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፣ ቁጥሩም ድርግም።

— ዘይቱና ሮጣ ገብታ ነቀለችው። እኔማ እግዚአብሔር ተቆጣኝ ብዬ ደንዝዤ ቆሜያለሁ። "ውሃና መብራት መቼ ተስማምተው ያውቃሉ፣ ምን ቁጣ አለበት" አለችኝ እሷ።

— ሄሎ? ... ያምሬ? ... ተቆጪኝ፣ ይገባኛል።

— ለምን? ... ለምን መሰለሽ...

— (ዘይቱ፣ ነጠላዬን አቀብዪኝ። አይኔን...)

— ወንድም ነበረሽ ብዬሽ አውቃለሁ አይደል? ... አዎ፣ ያ ታላቅሽ። ያኔ ፈረስ ቤት፣ ደጋው ላይ ነበርን። በሰባት ወሩ ተወለደ፣ መዳፍ የማያክል። አባትሽ በቅሎ ለምኖ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ስንወርድ ጉያዬ ውስጥ ይዤው ነበር። ገላዬን እንደሆነ ሰጠሁት፣ ሙቀቴ አልበቃውም። ብርድ ነው የወሰደብኝ። ከመንገድ ተመለስን።

— እንዴት እንደሞተማ ከየት ታውቂ፣ መቼ ነገርኩሽ! ክርስትና እንኳ አልተነሣም፣ ስም አላገኘም፣ ምን ብዬ ላንሣው? አንቺ ግን ሳትሰሚ ይህን ሣጥን ሠርተሽ አመጣሽልኝ። ቁጥር ልጽፍ ስከፍተው ሙቀቱ እጄን ሲነካኝ "ያኔ ቢኖርስ" እላለሁ። ለዚህ ነው ጠበሉ። ላንቺም፣ ለሱም ብዬ ነበር።

— አታልቅሺ የኔ እመቤት... እኔን አፈር ያልብሰኝ። ሥራሽን አበላሽቼ ደግሞ አስለቅስሻለሁ።

— በየት ገባ? ... ፍራሹ ጥግ ላይ ክፍተት አለች፣ በሷ ወደ ሥር ሲወርድ አይቻለሁ። ... እኔ ማሽን አላውቅም ልጄ፣ ግን ሦስት እፍኝ ነው እኮ! ሕፃን ቢሸናበትስ ምን ሊሆን ነበር?

— ... ሄሎ? ... ተቆረጠ እንዴ? ... ምን አልሽ? አላሰብሽውም? ... መምህሮችሽም? ... ውይ! አንቺ ልጅ! ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ሕፃን እንደሚሸና ረሳሽው? አንቺን ሳዝል ጀርባዬ ደርቆ አያውቅም እኮ! ... ሳቂ፣ ሳቂ። (እየሳቀች ነው ዘይቱ!)

— ሕፃን ተኝቶበት ቢሆን... አዎ። እሱን አታንሺብኝ። ባዶ ነበር፣ ተመስገን።

— ነገ ራስሽ ትመጫለሽ? ... የተቃጠለችው ዕቃ ትገኛለች? ... ክፍተቷንም በጎማ ትደፍኛታለሽ? ... ሐሙስ ይደርሳል በይኝማ። ... እንደገና በይኝ። ... እፎይ!

— የመመረቂያ ወረቀትሽ ላይ? ጥፋቴን ልትጽፊው? ... የማሽኑ ፈተና ነው ብለሽ? ... እማዋይሽ ብለሽ፣ በስሜ? ውይ፣ ያሳፍራል ልጄ።

— ምን? ከጠገንሽው በኋላ ደግሜ ላፈስበት? እኔ? ... አንድ ጣሳ ሙሉ? ኧረ ደግሜ ባቃጥለውስ! ... እሺ። አጠገቤ ከቆምሽ እሺ። ግን የቧንቧ ውሃ ይሁን። ... ጠበሉማ ጠርሙሱ ሥር ትንሽ ቀርታለች፣ እሷን ላንቺ አስቀምጫታለሁ። ... በይ፣ በሰላም ነይልኝ።