ስድቤን አሰናድቼ ወርጄ

እኔ መሪ ስይዝ ደሜ ቶሎ ነው የሚፈላው። ያኔ በደርግ ጊዜ፣ ቤንዚን በኩፖን በነበረበት ጊዜ፣ በሴይቼንቶ ታክሲዬ ሰው ጭኜ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስመጣ አንድ ቮልስ ድንገት ገባብኝ። ፍሬኔ ለጥቂት ያዘልኝ። ስድቤን አሰናድቼ ዘልዬ ወረድኩ። የቮልሱ ሹፌርም ወረዱ፤ ሽበታም ሰውዬ ናቸው። አፌን ከመክፈቴ ባርኔጣቸውን አንስተው እጄን ጨበጡኝ።

«ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋልክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።» ምን ላድርግ?

«እናት አባት ደህና ናቸው? ባለቤትህስ? ልጆች?»

«ሁሉም ደህና፤ እርስዎስ?» ጎንበስ ማለቴም አልቀረም።

«ይመስገን! በል እንግዲህ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ስድብህን ቀጥል።»

ብፈልግ ብፈልግ አንድም ስድብ አጣሁ። ተሳፋሪዎቼ በሳቅ ፈረሱ። መኪናዬን አስነስቼ፣ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ፣ በዚያው በቁጣ ድምፄ ጮህኩባቸው፦

«ልጆቹን ይሳሙልኝ!»