አራት መቶ ሰው ብድግ ሲል

ለንደን ውስጥ ከብሪክስተን በተሳፈርኩበት አውቶቡስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት አጠገባቸው ያለችውን የማያውቋትን ልጅ በአማርኛ ያዋሯታል።

"የት ነው የምትማሪው ልጄ?"

"አሜሪካ፣ በደቡቡ በኩል፣ ትልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ። ለእረፍት መጥቼ ነው እማማ። አንድ ክፍል አራት መቶ ነን።"

"ወይ ጉድ! መምህሩ በምን ያውቅሻል?"

"እኔንማ ያውቁኛል። እናቴ 'የደቡብ ሰው ሥርዓት ይወዳል' ስላለችኝ፣ መጀመሪያ ቀን ሲገቡ ብድግ አልኩ።"

"ተባረኪ! ሌላውስ?"

"ማንም አልተነሳም። ጥያቄ ያለኝ መስሏቸው ማይክ አስያዙኝ።"

"ምን አልሽ ታዲያ?"

"ጨነቀኝና 'ቤተሰብ ደህና ነው?' አልኳቸው።"

"ደግ አደረግሽ!"

"አሁን እኔ ካልጠየቅኳቸው ሌክቸር አይጀምሩም። የውሻቸውን የጉልበት ሕመም ሳይቀር ይነግሩናል።"

"ውሻው ተሻለው?"

"ተሽሎታል።"

"ተመስገን!"

"ባለፈው አርፍጄ ስገባ፣ እሳቸውን ጨምሮ አራት መቶው ሰው ብድግ አለልኝ።"

"ኖር ሲሉሽ ነዋ! አንቺስ?"

"ደንግጬ በአማርኛ 'በእግዜር፣ ተቀመጡ!' አልኳቸው።"

"ተቀመጡ?"

"ሁሉም!"

እናትየው እየሳቁ ሊወርዱ በአጠገቤ ሲያልፉ ብድግ አልኩ፤ መውረጃዬ ገና ሰባት ፌርማታ ይቀረው ነበር።